ለአምስት ስልክ አንድ ጥቅል፤ እንግባ ወይስ ይቅርብን?

በቤታችን አምስት ስልክ አለ። የምንኖረው ከደብረ ብርሃን ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ በሚገኝ ቀበሌ ነው። ገብስና ባቄላ እናመርታለን። በጎችም አሉን። አንዱ ስልክ የአባታችን ነው። አንዱ የእናታችን ነው። አንዱ የታላቅ ወንድማችን፣ አንዱ ደግሞ የወንድማችን ሚስት ነው። አምስተኛው ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታ የምትማረው የታናሽ እህታችን ነው።

የአባታችን፣ የእናታችንና የወንድማችን ሚስት ስልኮች ባለቁልፍ ናቸው። ለመደወልና ለመቀበል ይበቃሉ። የወንድማችንና የታናሽ እህታችን ስልኮች ግን ኢንተርኔት ይገባባቸዋል። ታላቅ እህታችን ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ዓርብ ዓርብ በኢሞ ስትደውል ሁላችንም በወንድማችን ስልክ ዙሪያ ተሰብስበን ፊቷን እናያለን።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ታናሽ እህታችን ከከተማ አንድ ወሬ ይዛ መጣች። «በየግላችን ካርድ ከምንሞላ ለምን አንድ የቤተሰብ ጥቅል አንገዛም? በጣም ይረክሳል ይላሉ» አለች።

አባታችን «ይላሉ» የሚለውን ቃል አይወዱም። «ማን ነው የሚለው? ስንት ነው የሚረክሰው? በወረቀት አሳዩኝ» አሉ።

በዚያ ምሽት የጀመርነው ሒሳብ ሁለት ወር ፈጀ። የደረሰብንን እንንገራችሁ። ይኸው ጥያቄ ነገ የእናንተንም ቤት ያንኳኳ ይሆናልና።

ጥቅል ምንድን ነው?

ጥቅል ማለት የስልክ ንግግርን ወይም ኢንተርኔትን አስቀድሞ በጅምላ መግዛት ማለት ነው። ስኳር በሲኒ ከመግዛት በኪሎ መግዛት ይረክሳል። ጥቅልም እንደዚሁ ነው። የንግግር ጥቅል በደቂቃ ይለካል። የኢንተርኔት ጥቅል በሜጋባይት ይለካል፤ ሰው ሁሉ «ሜጋ» ይለዋል። አንድ ሺህ ያህል ሜጋ አንድ ጊጋ ይባላል።

ጥቅል ቀን አለው። የአንድ ቀን፣ የሳምንትና የወር ጥቅል አለ። ቀኑ ሲያልፍ የተረፈው ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። ስኳር ግን ቢተርፍ ለነገ ይቀመጣል። ልዩነቱን ልብ በሉ።

የቤተሰብ ጥቅል ሲሆን አንድ ሰው ለሁሉም ይከፍላል። የእርሱ ስልክ ዋና ቁጥር ይሆናል። ሌሎቹን ቁጥሮች የሚያስገባውም የሚያስወጣውም እርሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ከአንዱ ጥቅል ይጠቀማሉ። እናታችን ይህን ስትሰማ፣ «ገባኝ! እንስራው አንድ፣ ቀጂው አምስት ማለት ነው» አለች። ከዚህ የተሻለ ፍች አላገኘንም።

ዱሮ እንዲህ ያለ ምርጫ አልነበረም። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ነው። የሞባይል ስልክ ግን በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የስልክ ድርጅቱ አንድ ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሥራ ሲጀምር ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሁለት ሆኑ። ዛሬ የጥቅሉ ዓይነት ብዙ ነው። ምርጫ ሲበዛ ደግሞ ማንበብና ማስላት ግድ ይላል።

ሒሳቡን በደብተር ያዝን

በመጀመሪያ አንድ ወር ሙሉ ምንም ሳንለውጥ ለካን። ካርድ የሞላ ሰው ሁሉ ለእናታችን ይናገራል። እርሷም በደብተር ትጽፋለች። በወሩ መጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

አባታችን — 60 ብር
እናታችን — 20 ብር
ወንድማችን — 200 ብር
የወንድማችን ሚስት — 30 ብር
ታናሽ እህታችን — 120 ብር
ድምር — 430 ብር

አባታችን ድምሩን አይተው ደነገጡ። «ይህን ያህል በስልክ ነው የምንበላው?» አሉ። ብሩ በጥቂት በጥቂቱ ሲወጣ አይታወቅም ነበር።

የተባለው የቤተሰብ ጥቅል ዋጋው 400 ብር ነበር። ለአምስት ቁጥር፣ ለ30 ቀን፣ 600 ደቂቃ ንግግርና 6 ጊጋ ኢንተርኔት ይሰጣል። (ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግተናቸዋል። ዋጋ ይለዋወጣልና እናንተ የዕለቱን ዋጋ ጠይቁ።) 430 ሲቀነስ 400 ይሆናል 30። በወር 30 ብር ይተርፈናል ማለት ነው። ወንድማችን «በቃ እንግባ!» አለ።

ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱ ሥጋት ነበረው። ታናሽ እህታችን፣ «ዋናው ቁጥር ማን ጋ እንደደወልኩ ያያል እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ሄደን አስጠየቅን። የሚታየው ማን ስንት ደቂቃ እንደተጠቀመ ነው እንጂ የተደወለለት ሰው አይደለም አሉን። የወንድማችን ሚስት እርጉዝ ነበረች። «የእኔ መደወል ለጤናዬ ነው። ደቂቃው ቢያልቅብኝስ?» አለች። እናታችን ደግሞ፣ «እኔ ሚስኮል ነው የማደርገው። ለእኔ 600 ደቂቃ ምን ያደርግልኛል?» አለች።

ለወንድማችን ሚስት ጥያቄ መልስ አልሰጠናትም። «600 ደቂቃ እንዴት ያልቃል?» ብለን አለፍነው። አካፍለን ብናየው ኖሮ 600 ለአምስት ሰው 120 ነው። 120 ለሠላሳ ቀን ደግሞ በቀን 4 ደቂቃ ብቻ ነው። ይህን ሒሳብ የሠራነው ከችግሩ በኋላ ነው።

ለአንድ ወር እንሞክረው ብለን ገባን። ዋናው ቁጥር የአባታችን ሆነ።

ሃያ አንደኛው ቀን

ጥቅል ስለገዛን ማንም በግሉ ስልኩ ላይ ካርድ አልሞላም። «ጥቅል አለን» እያልን ኮራን። ፋሲካ እየቀረበ ስለነበር ወንድማችን የበግ ንግዱን አጧጧፈው። ከነጋዴ ጋር ሲደዋወል ይውላል።

በሃያ አንደኛው ቀን ሌሊት የወንድማችንን ሚስት ምጥ ያዛት። ወንድማችን ወደ ወረዳው አምቡላንስ ሹፌር ደወለ። ስልኩ፣ «ቀሪ ሒሳብዎ በቂ አይደለም» አለ። በአባታችን ስልክ ሞከርን። ያው ነው። በእናታችንም ስልክ ያው ነው። በቤት ውስጥ አራት ስልክ እያለ አንድም የሚደውል ጠፋ። «ደውሉልኝ» የሚለውን ነፃ መልእክት ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ላክንላት። ሰዓቱ ሌሊት ነበርና ወዲያው አላየችውም።

ወንድማችን በጨለማ እየሮጠ ጎረቤት ቀሰቀሰ። በጎረቤት ስልክ ተደወለ። ግማሽ ሰዓት በከንቱ ጠፋ። አምቡላንሱ ደርሶ ጤና ጣቢያ ገባች። ንጋት ላይ ሴት ልጅ ተገላገለች። እናትም ልጅም ደኅና ናቸው። ያ ግማሽ ሰዓት ግን እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም።

በማግስቱ እናታችን የአባታችንን ስልክ አነሣች። እናታችን ማንበብ ከጀመረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበች። በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ «ከጥቅልዎ 80 በመቶ ተጠቅመዋል» የሚል መልእክት መጥቷል። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ «ጥቅልዎ አልቋል» የሚል መጥቷል። ሁለቱም የመጡት ወደ ዋናው ቁጥር ብቻ ነው። አባታችን፣ «ጢጥ ሲል ማስታወቂያ መስሎኝ ዘጋሁት» ብለው አቀረቀሩ።

ጥፋቱ የማን ነው?

ድርጅቱ ጋ ሄደን አስቆጠርን። ከ600 ደቂቃ ውስጥ ወንድማችን 410፣ ታናሽ እህታችን 110፣ አባታችን 50፣ የወንድማችን ሚስት 20፣ እናታችን 10 ተጠቅመዋል። አባታችን ወንድማችንን ሊቆጡ ሲሉ እርሱ ቀደማቸው። «ለጨዋታ አልደወልኩም እኮ! በጎቹ የተሸጡት በዚህ ስልክ አይደለም?» አለ። እውነቱን ነው።

ጥቅሉ ካለቀ በኋላ እስከ ወሩ መጨረሻ አምስታችን 135 ብር ሞላን። 400 ሲደመር 135 ይሆናል 535 ብር። ይህ ከድሮው 430 ብር በ105 ብር ይበልጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

ነገር ግን ሚዛን እንጠብቅ። የፋሲካ ገበያ ስለነበር በየግላችን ብንሞላም ያ ወር ከ430 ብር በላይ ይፈጅብን ነበር። መጀመሪያ የለካነው የገበያው ቀዝቃዛ ወር ነበር። ስለዚህ ዋናው ስሕተታችን ዋጋው አይደለም። ስሕተታችን አምስቱንም ስልክ በአንድ እንስራ ላይ አስረን ለክፉ ቀን በየስልኩ ምንም አለማስቀመጣችን ነው። እንስራው ሲደርቅ አምስታችንም በአንድ ጊዜ ጠማን።

የወሰንነው

በመጨረሻ ሁላችንም ተቀምጠን ተነጋገርን። እንዲህም ተስማማን።

አንደኛ፣ ሁሉም ሰው አንድ ጥቅል ውስጥ መግባት የለበትም። አባታችን፣ እናታችንና የወንድማችን ሚስት በወር በጠቅላላው 110 ብር ብቻ ነው የሚያወጡት። ስልካቸውም ኢንተርኔት አይገባበትም። እነርሱ በየግላቸው ቀሩ።

ሁለተኛ፣ ወንድማችንና ታናሽ እህታችን ለሁለት ቁጥር የሚሆን የ250 ብር ጥቅል ገቡ። ድሮ ሁለቱ በየግላቸው 320 ብር ያወጡ ነበር። አሁን የቤቱ ወጪ 110 ሲደመር 250፣ 360 ብር ሆነ። ከ430 ብር 70 ብር ተረፈ። በዓመት 840 ብር ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የንግድ ስልክ ከቤት ስልክ ተለየ። ወንድማችን በገበያ ሰሞን የሚሞላው ካርድ ከበጉ ትርፍ ይቀነሳል እንጂ ከቤት ብር አይወሰድም።

አራተኛ፣ በእያንዳንዱ ስልክ ላይ 10 ብር ይቀመጣል። የጭንቅ ብር ብለነዋል። ለጭንቅ ካልሆነ ማንም አይነካውም። ኢንተርኔት ያላቸውም ጥቅላቸው ሲያልቅ ኢንተርኔቱን ያጠፋሉ። አለዚያ ኢንተርኔቱ የጭንቅ ብሩን ሳይታወቅ ይበላዋል።

አምስተኛ፣ የሚመጣውን መልእክት ሁሉ እናታችን ታነባለች። እሑድ እሑድ የየስልኩን ቀሪ ሒሳብ አይታ በደብተሯ ትጽፋለች። አባታችንም አሁን ስልካቸው ጢጥ ሲል፣ «ነይ እስቲ፣ ምን ይላል?» ይሏታል።

እናንተስ?

በቤታችሁ የጋራ ጥቅል ለመግባት ስታስቡ «እሺ» ከማለታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

— ጥቅሉ ስንት ደቂቃ ነው? ስንት ቀን ይቆያል? የተረፈውስ ምን ይሆናል?
— ወደ ሌላው ድርጅት ቁጥር ስንደውልም ይሠራል?
— አንዱ ሰው ሁሉን እንዳይጨርሰው ለየሰው ወሰን ማበጀት ይቻላል?
— ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል መልእክቱ የሚመጣው ለማን ነው? ያ ሰው ያነባል?
— ወሩ ሲያልቅ ራሱ ይታደሳል? መውጣት ብንፈልግስ እንዴት እንወጣለን?

ለኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች የመጠየቂያው ቁጥር 994 ነው። ቀሪ ሒሳብ ለማወቅ *804# ብላችሁ ትደውላላችሁ። ለሳፋሪኮም ደንበኞች የመጠየቂያው ቁጥር 700 ነው።

የማታውቁት ሰው ደውሎ፣ «ጥቅል ላስገባችሁ፤ የምሥጢር ቁጥራችሁን ንገሩኝ» ቢላችሁ አትንገሩ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ ከመግባት በፊት ማንበብ ይቅደም።

መልመጃ

1. አራት ሰዎች ያሉበት ቤት 480 ደቂቃ ለ30 ቀን ገዛ። ለአንድ ሰው በቀን ስንት ደቂቃ ይደርሰዋል?
2. በእናንተ ቤት ባለፈው ወር ለስልክ ስንት ብር ወጣ? በየሰዉ ስም ጻፉና ደምሩ።
3. በዚህች ሌሊት አምቡላንስ ቢያስፈልጋችሁ መደወል የሚችል ስልክ በቤታችሁ አለ? አሁኑኑ ቀሪ ሒሳቡን እዩ።