«ዘፋኙን ፊት ለፊት አየሁት... እጮኛዬን ግን?»

ስሙ እንዲገለጽ አልፈለገም። ሠላሳ ዓመት ገና አልሞላውም። ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ ሲሆን አሁን የሚኖረው አሜሪካን አገር ነው። የሮክ ፍቅር የያዘው ታላቅ ወንድሙ ቤት ውስጥ ከሚከፍተው አንድ ያረጀ ካሴት ነው። የቃሉን ትርጉም ሳያውቅ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ይወጣው ነበር።

«ያን ሰውዬ አንድ ቀን ፊት ለፊት ካላየሁ አልሞትም እል ነበር» ይላል እየሳቀ።

ቀኑ ደረሰ። ወጣቱ ቁጥር ያለው ወንበር አልፈለገም፤ የቆረጠው መድረኩ ሥር ቆሞ የሚታይበትን ትኬት ነው። በዚህ ትኬት ቀድሞ የደረሰ ፊት ይቆማል። ስለዚህ ከእጮኛው ጋር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሄደው ተሰለፉ። በሩ የተከፈተው ማታ 11 ሰዓት ነው። 12 ሰዓት ሙሉ ቁመት! በሩ ሲከፈት ሮጡ፤ ደረታቸው የብረቱን አጥር ነካ። የፊት ረድፍ!

«መብራቱ ጠፋ። ጊታሩ ሲጮህ ሆዴ ውስጥ ነው የተሰማኝ። ሰውዬው ከእኔ አራት እርምጃ ላይ ቆሟል። ላቡን አየሁት። ትንፋሹን ሲሰበስብ፣ ለከበሮ መቺው በዓይኑ ሲጠቅስ... ይሄ ካሴት ላይ የለም። አለቀስኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?»

እናምነዋለን። ችግሩ የመጣው ሦስተኛው ዘፈን ላይ ነው። ከኋላ ያለው ሕዝብ ገፋ። አጠር ያለችው እጮኛው እጁን ይዛ «ትንፋሽ አጠረኝ፣ እንውጣ» አለችው። እሱስ ምን አለ? «ትንሽ ታገሺ፣ የምወደው ዘፈን ገና ነው!»

ሁለተኛ አልጠየቀችውም። እጇን ወደ ጥበቃዎቹ ዘረጋች፤ እነሱም ጎትተው በአጥሩ ላይ አወጧት። እሱ እስከ መጨረሻው እዚያው ቀረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲደውልላት ስልኩን ታነሳለች፤ መልሷ ግን «እሺ» እና «አይ» ብቻ ሆኗል። «ምን ይሻለኛል?» ይላል።

መድረኩን ጥሎ የወረደው ዘፋኝ

አንድ ታሪክ እንንገረው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1985) ለኢትዮጵያ ረሀብተኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ ለንደን በሚገኘው ዌምብሌይ ስታዲየም «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ኮንሰርት ተካሄደ። የአየርላንዱ ባንድ ዩቱ ተራው ደርሶ ሲጫወት፣ ዘፋኙ ቦኖ ከፊት በኩል በግፊያ የተያዘች ልጃገረድ አየ። ጥበቃዎቹን «አውጧት» እያለ በእጁ ቢያሳይ አልገባቸውም። ያኔ ከመድረኩ ዘሎ ወረደ። ልጅቷ ወጣች፤ እሱም አንዲት ታዳሚ አቅፎ ጨፈረ።

ጓደኞቹ የት እንደገባ ስላላዩት ያንኑ ዜማ እየደጋገሙ ጠበቁት። አንዱ ዘፈን 12 ደቂቃ ያህል ፈጀ፤ ሊጫወቱት ያሰቡት ሦስተኛ ዘፈን ሳይደርስ ጊዜው አለቀ። ባንዱ «አበላሸን» ብሎ ተናዶ ነበር። ሕዝቡ ግን ከዚያ ቀን የሚያስታውሰው ያንን ሆነ። ያቺ ልጅ ያኔ 15 ዓመቷ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ሕይወቷን እንዳተረፈላት ተናግራለች። ቦኖም በዚያው ዓመት ከባለቤቱ ጋር ወሎ አጅባር ድረስ መጥቶ በረሀብተኞች መጠለያ በበጎ ፈቃድ ሠርቷል።

ግፊያ ቀልድ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1979 ሲንሲናቲ ከተማ «ዘ ሁ» የተባለውን ባንድ ለማየት ፊት ለመያዝ የተሽቀዳደመ ሕዝብ በሩ ላይ ተጨናንቆ 11 ሰዎች ሞተዋል። በ2000 ደግሞ ዴንማርክ ሮስኪልደ ላይ፣ ፐርል ጃም ሲጫወት ከመድረኩ ፊት 9 ወጣቶች አልቀዋል። ዘፋኙ ሕዝቡ ወደ ኋላ እንዲል ቢለምንም ረፍዶ ነበር። በእንዲህ ያለ ግፊያ ሰው የሚሞተው በአብዛኛው ተረግጦ ሳይሆን ደረቱ ተጨብጦ መተንፈስ ሲያቅተው ነው። ቆሞም ይሞታል!

የጆሮም ነገር አለ። በአሜሪካ የሥራ ላይ ጤና ተቋም ስሌት፣ 85 ዴሲብል ድምፅ ለ8 ሰዓት ቢችሉት፣ 100 ዴሲብልን ግን 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የሮክ ኮንሰርት ደግሞ ከ100 በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። የ«ዘ ሁ» ጊታሪስት ፒት ታውንሸንድ በጆሮው መጎዳት ሲቸገር ኖሯል።

ፊት መቆም ካማራችሁ...

- በልታችሁ፣ ውኃ ጠጥታችሁ ሂዱ። ክፍት ጫማ አታድርጉ።
- የጆሮ መድፈኛ ያዙ። ሙዚቃው ይሰማችኋል፤ የሚቀረው ጩኸቱ ነው።
- ከመሐል ይልቅ ጥግ ጥጉን ቁሙ፤ መውጫ አይጠፋም።
- ግፊያ ሲመጣ ክንዳችሁን እንደ ቦክሰኛ ደረታችሁ ፊት አድርጉ። ግፊያው ጋብ ሲል በሰያፍ ወደ ዳር ውጡ።
- ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።
- አንዳችሁ «እንውጣ» ካላችሁ ሁለታችሁም ውጡ። ክርክር የለም!

ለወንድማችን

ዘፋኙን መውደድህ ጥፋት አይደለም። ያለቀስከው ዕንባም የእውነት ነው። ግን አስበው፤ ያቺ ልጅ 12 ሰዓት ቆማ የዋለችው ለሰውዬው ብላ ነው ወይስ ላንተ? ከፊት ረድፍ መቅረቷ አይደለም የቆጫት፤ ትንፋሽ ሲያጥራት ከዘፈን በኋላ መምጣቷ ነው። ስልኩን ተወውና በአካል ሄደህ «ጥፋቱ የኔ ነው» በላት። «ግን እኮ...» የምትለዋን እንዳትጨምር! ወዲያው ይቅር ባትልህም አትነጫነጭ፣ ጊዜ ስጣት። ዘፋኙ ነገ ሌላ ከተማ ይዘፍናል፤ እሷ ግን አንድ ናት።

ቸር ይግጠመን!