ላንቻ አውሬሊያ ክፍት አውቶሞቢል፤ ብርቅ ዕቃ ለገበያ ሲቀርብ ምን ይመረመራል?

ከኢጣልያ ፋብሪካዎች ከወጡት ክፍት የሽርሽር አውቶሞቢሎች መካከል፥ የላንቻ ኩባንያ የሠራው አውሬሊያ ቢ 24 ዛሬ በዓለም ገበያ እጅግ ከሚፈለጉት አንዱ ነው። ከተሠራ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ነገር ግን በአውሮፓና በአሜሪካ ለሐራጅ በቀረበ ቍጥር ገዢዎች ይሻሙበታል። ማናችንም እንደምናውቀው መኪና ከፋብሪካ በወጣ ማግስት ዋጋው መውረድ ይጀምራል። ይህ አውቶሞቢል ግን ከዚህ ልማድ ወጥቶ፥ ባረጀ መጠን ዋጋው የከበረ ስለ ሆነ፥ ነገሩ ከምን እንደ መጣና እንዲህ ያለ ዕቃ «ይሸጣል» ሲባል ብልኅ ገዢ ምን እንደሚመረምር ለአስመጪውም፥ ለላኪውም፥ ለባለ ሱቁም መግለጽ ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፋብሪካውና ሥራው

የላንቻን ኩባንያ በ1906 በቶሪኖ ከተማ ያቋቋሙት ቪንቼንሶ ላንቻ ከባልንጀራቸው ከክላውዲዮ ፎጎሊን ጋር ሆነው ነበር። እርሳቸው በ1937 ካረፉ በኋላ ድርጅቱ በቤተ ሰቡ እጅ ቈየ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ልጃቸው ጃኒ ላንቻ ይመሩት ጀመር። በ1950 ለሕዝብ የታየው አውሬሊያ ስሙን ያገኘው፥ ከሮማ ተነሥቶ የባሕሩን ዳር ይዞ ወደ ሰሜን ከሚዘልቀው ጥንታዊ መንገድ ነው።

የሥራው የበላይ መሪ ኢንጂኔር ቪቶሪዮ ያኖ ሲሆኑ፥ ሞተሩን አጥንተው ያወጡት ኢንጂኔር ፍራንቼስኮ ዴ ቪርጂሊዮ ናቸው። ስድስቱ ሲሊንደሮች ሦስት ሦስት እየሆኑ፥ እንደ ተከፈተ መቀስ በሁለት ወገን ዘንበል ብለው ተቀምጠዋል። እንዲህ ያለ ሞተር በብዛት ተሠርቶ ለገበያ ሲቀርብ በዓለም የመጀመሪያው ይህ ነው። ጥቅሙም ሞተሩ አጭር ሆኖ ቦታ መቈጠቡ ነው። ደግሞም ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው ከሞተሩ አጠገብ ተነሥተው ከዲፈረንሻሉ ጋር በኋላ በኩል ስለ ተቀመጡ፥ ክብደቱ ለፊቱና ለኋላው እግር በሚዛን ተካፈለ፤ በጠመዝማዛ መንገድ ጸንቶ እንዲሄድ ከረዱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ይህም በወሬ ብቻ የቀረ አይደለም፤ በ1951 ሚሌ ሚሊያ በተባለው የረዥም መንገድ እሽቅድምድም፥ የአውሬሊያ ባለ ጣራው ዐይነት ቢ 20 ከአንድ ፌራሪ በቀር ሁሉን ቀድሞ ሁለተኛ ወጥቷል።

ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ካንዴላ፥ ባሌስትራ እያልን በየጋራዡ የምንናገራቸው ቃላት ከኢጣልያንኛ የመጡ ስለ ሆኑ፥ የእኛ አገር መካኒክ የዚህን መኪና ክፍሎች በስም ለማወቅ አስተርጓሚ አያሻውም።

ሁለቱ ዐይነቶች

ክፍቱ አውሬሊያ ቢ 24 በጥር ወር 1955 በብራስልስ የአውቶሞቢል ትርኢት ታየ። የአካሉን ቅርጽ ያወጣው የታወቀው የፒኒን ፋሪና ቤት ነው። ሞተሩ 2,451 ሴንቲሜትር ኩብ ሲሆን ጕልበቱ ወደ 118 ፈረስ ይደርሳል። ዋና ገበያ ይሆናል ተብሎ የታሰበው አሜሪካ ስለ ነበረ «ስፓይደር አሜሪካ» የሚል ስም ተሰጠው። የተሠራው 240 ብቻ ነው፤ ከእነዚህም 181 መሪያቸው በግራ፥ 59 መሪያቸው በቀኝ ነበረ። የግራዎቹ ቢ 24 ኤስ ይባላሉ፤ «ኤስ» የተባለው ፊደል «ሲኒስትራ» ማለት ግራ ከሚለው የኢጣልያንኛ ቃል የተወሰደ ነው።

ስፓይደሩ ውበቱ የተመሰገነ ቢሆንም ምቾት አልነበረውም። የበሩ መስተዋት ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ ሳይሆን፥ ዝናብ ሲመጣ በእጅ የሚገጠም መጋረጃ ነበር፤ በሩም በውጭ በኩል መያዣ የለውም። ስለዚህ ከ1956 እስከ 1958 «ኮንቨርቲብል» የተባለው ሁለተኛው ዐይነት ተተካ። ይህኛው የሚወጣና የሚወርድ መስተዋት፥ በውጭም የበር መያዣ አለው፤ የተሠራውም 521 ነው። በ1962 ዲኖ ሪዚ ባዘጋጁት «ኢል ሶርፓሶ» በተባለው ፊልም ውስጥ ተዋናዩ ቪቶሪዮ ጋስማን የሚነዳው ይኸው ኮንቨርቲብል ነው፤ ፊልሙም የመኪናውን ስም አውቶሞቢል ለማያውቀው ሕዝብ ጭምር አሳወቀ።

የገበያ ነገር አስገራሚ ነው፤ ያኔ እንደ ጕድለት የተቈጠረው የስፓይደሩ ድርቀት ዛሬ ክብሩ ሆኗል። ከ2010 ወዲህ ስፓይደር አሜሪካ ከአንድ ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ የተሸጠበት ሐራጅ አለ፤ የበለጠ የሚመቸው ኮንቨርቲብል ግን ዋጋው ከዚህ በብዙ ያንሳል።

የሠሪው ዕጣ

ከዚህ ሁሉ ክብር ሠሪው ምን አተረፈ? ላንቻ ለጥራት የሚያወጣው ገንዘብ ብዙ ነበር፤ በዚያ ላይ የእሽቅድምድም መኪና ማሠራት ከባድ ወጪ ጨመረበት። በ1955 ኩባንያው ከእሽቅድምድም ወጣና ዲ 50 የተባሉትን መኪናዎቹን ለፌራሪ አስረከበ። ብዙም ሳይቈይ ቤተ ሰቡ ድርጅቱን በሲሚንቶ ንግድ ለታወቁት ለካርሎ ፔሴንቲ ለቀቀ፤ በ1969 ደግሞ ፊያት ጠቅልሎ ወሰደው። ሁለቱ ዐይነት ክፍት መኪናዎች ተደምረው 761 ናቸው፤ ይህን ያህል ጥቂት ዕቃ ታላቅ ፋብሪካን አይመግብም። ዛሬ የሚከፈለው ሚሊዮን ለሠሪው ሳይሆን፥ ዕቃውን ጠብቆ ላቈየው ሰው ነው የሚደርሰው። መልካም ዕቃ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ወጪውንና ገቢውን ማመዛዘን ሌላ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ሲጐድል የመጀመሪያው ብቻውን ቤት አያቆምም።

ለሽያጭ ሲቀርብ

አንደኛ፥ የቀረበው ዕቃ የትኛው ዐይነት እንደ ሆነ ይለይ። «አውሬሊያ ክፍት፥ ብርቅ» የሚል ማስታወቂያ በስፓይደር ዋጋ ኮንቨርቲብል ሊያሸጥ ይችላል። የበሩን መያዣና መስተዋት ማየት ብቻ ከብዙ ሺህ ዶላር ኪሳራ ያድናል።

ሁለተኛ፥ የሻንሲውና የሞተሩ ቍጥር ከሰነዱ ጋር ይመሳከር። በሰባ ዓመት ውስጥ ሞተሩ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ቢለወጥም መኪናው ይሄዳል፤ ዋጋው ግን ከመጀመሪያው ሞተሩ ጋር ካለው እኩል አይሆንም። ይህን ደብቆ መሸጥ ማታለል ነው፤ ገልጾ መሸጥ ግን ንግድ ነው።

ሦስተኛ፥ ዝገቱ ይታይ። የአውሬሊያ አካል ከሻንሲ ተለይቶ የሚነሣ ሳይሆን ከወለሉ ጋር በአንድነት የተበየደ ነው። ስለዚህ ከበሩ ሥርና ከወለሉ ላይ የበላው ዝገት የቀለም ጕዳይ ሳይሆን የአጥንት በሽታ ነው። አዲስ ቀለም የሚያብረቀርቅበት መኪና ሁሉ ጤነኛ አይደለም፤ ከታች ገብቶ የሚያይ ባለ ሙያ ይላክ።

አራተኛ፥ የባለቤትነቱ ሐረግ ከመጀመሪያው ገዢ እስከ ዛሬው ሻጭ ድረስ ሳይቋረጥ በወረቀት ይታይ። ወረቀት የሌለው ብርቅ ዕቃ በአንድ አገር ጕምሩክ ቢያልፍ በሌላው ይያዛል። እኛ ራሳችን ሊብሬ የሌለውን መኪና በስንት ዋጋ እንደምንገዛ ማሰብ ይበቃል።

አምስተኛ፥ ከዋጋው በተጨማሪ የመርከቡ ኪራይ፥ ኢንሹራንሱ፥ ቀረጡና የጥገናው ወጪ አስቀድሞ ይደመር። የዚህ መኪና መለዋወጫ በየሱቁ የሚገኝ አይደለም፤ የጐደለው ክፍል በእጅ የሚሠራ ከሆነ ወጪው የሚታወቀው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው፥ በሐራጅ ሙቀት እጁን ያነሣ ሰው ሒሳቡን ዘግይቶ ይሠራል።

ለእኛ ነጋዴዎች

በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መወሰኑን አንባቢ ያውቃል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ማንንም አውሬሊያ አስመጣ ለማለት አልተጻፈም። በውጭ አገር የሚኖር ወገናችን እንዲህ ያለ ግዢ ቢቀርብለት ግን የተጻፈው ሁሉ በቀጥታ ይመለከተዋል።

ለቀረነው ደግሞ ቍም ነገሩ ከመኪናው ይሰፋል። ቡና የሚልክ፥ ማሽን የሚያስመጣ፥ ጨርቅ የሚቸረችር ነጋዴ ሁሉ ከዚህ የሚወስደው አለው። የዕቃ ክብር የሚመሠረተው በሦስት ነገር ነው፤ በአሠራሩ እውነተኛነት፥ በብዛቱ ማነስና ይህን በሚያስረዳ ወረቀት። ከሦስቱ ሁለቱን ፋብሪካው ሠርቶታል፤ ሦስተኛውን ግን የጠበቁት ደረሰኙን፥ የጥገናውን ሒሳብና የዝውውሩን ውል ሳይጥሉ ያስቀመጡ ሰዎች ናቸው። ዛሬ በቢሮአችን መሳቢያ የምናስገባው ደረሰኝ ነገ የዕቃችን ምስክር ይሆናልና፥ በጥንቃቄ ይቀመጥ።