የገለልተኛ አገር ሰማይ በጦርነት ጊዜ፦ የስዊስ ምሳሌ

ገለልተኛነት ሲባል ለብዙ ሰው የሚመስለው ከሌሎች ጠብ ርቆ በቤት መቀመጥ ነው። በሕግ ፊት ግን ገለልተኛነት መብት ብቻ ሳይሆን ከባድ ግዴታም ነው። በ1907 በሄግ ከተማ የተፈረመው አምስተኛው ስምምነት የገለልተኛ መንግሥት ግዛት የማይደፈር መሆኑን ይገልጻል፤ ያ መንግሥትም ተዋጊዎቹ ሠራዊታቸውን በግዛቱ እንዲያሳልፉ መፍቀድ አይገባውም። ግዛቱን ለማስከበር በኃይል ቢከላከል እንኳ በአሥረኛው አንቀጽ መሠረት ሥራው እንደ ጠላትነት አይቈጠርበትም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ይህ ስምምነት ሲፈረም አይሮፕላን ገና ሕፃን ነበረ። ስለዚህ በ1923 በዚያው በሄግ ስለ አየር ጦርነት አዲስ ደንብ ተረቀቀ። ረቂቁ የተዋጊ አገር የጦር አይሮፕላን ወደ ገለልተኛ አገር ሰማይ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ገለልተኛውም መንግሥት በእጁ ባለው መሣሪያ ሁሉ እንዲያግደውና ካረፈ እንዲይዘው ያዛል። ረቂቁ አስገዳጅ ውል ሳይሆን ቢቀርም፥ «በእጁ ባለው መሣሪያ» የሚለው ሐሳብ ለጥያቄያችን ዋና ቍልፍ ነው። የምድር ወሰን በወንዝና በተራራ ይታወቃል፤ ሰማይ ግን አጥር የለውም። ታዲያ አቅሙ ትንሽ የሆነ አገር ግዴታውን እስከ ምን ድረስ ሊፈጽም ይችላል?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስዊስ ይህ ጥያቄ በተግባር ደረሰባት። በሜይና በጁን 1940 ጀርመን ፈረንሳይን ስትወጋ አይሮፕላኖቿ የስዊስን ሰማይ ደጋግመው ጣሱ። የስዊስ አብራሪዎችም ሊያግዷቸው ተነሡ። የሚያስደንቀው ነገር፥ ከሁሉ የተሻሉት የስዊስ ተዋጊ አይሮፕላኖች ከጀርመን ከራሷ የተገዙ ሜሰርሽሚቶች መሆናቸው ነው። በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት 11 የጀርመን አይሮፕላኖች ተመትተው ወደቁ፤ ከስዊስም በኩል አይሮፕላንና ሰው ጠፋ።

ጀርመን በብርቱ ዛተች፤ የስዊስን የአይሮፕላን ጣቢያዎች የሚያጠፉ ሰዎችንም በስውር ላከች፥ እነርሱ ግን ተያዙ። በዚያው ሰሞን ፈረንሳይ ስለ ወደቀች ስዊስ ከሞላ ጐደል በጀርመንና በኢጣልያ ኃይል ተከበበች። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ኦንሪ ጊዛን በጁን 20 ቀን 1940 በአገሩ ሰማይ ላይ የሚደረገውን የአየር ውጊያ ከለከሉ። መንግሥቱም ይዞ የነበራቸውን የጀርመን አብራሪዎች ለቀቀ።

ከዚህ በኋላ ፈተናው ከሌላ ወገን መጣ። የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች የኢጣልያን ከተሞች ለመምታት ሌሊት በስዊስ ላይ ያልፉ ነበር፤ የከተሞቹም መብራት መንገድ ይመራቸዋል እየተባለ ጀርመን ስለ ተጫነች፥ በኖቬምበር 1940 ስዊስ ሌሊት መብራቷን እንድታጠፋ ሆነ። ይህ ጨለማ እስከ ሴፕቴምበር 1944 ቈየ።

በኤፕሪል 1 ቀን 1944 የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች በቀን ሻፍሃውዘንን የጀርመን ከተማ መስሏቸው መቷት፤ 40 ሰዎችም ሞቱ። ሻፍሃውዘን ከራይን ወንዝ በስተሰሜን ያለች፥ በብዙ ወገን በጀርመን መሬት የተከበበች ከተማ ናት። አሜሪካ ኋላ ካሣ ከፈለች፤ ሰዎቹን ግን ካሣ አይመልሳቸውም። በዚያው ዓመት የስዊስ ተዋጊዎች አንድ የአሜሪካን ቦምብ ጣይ መትተው ጣሉ፤ የአሜሪካ ተዋጊዎችም በሴፕቴምበር አንድ የስዊስ አይሮፕላን ጣሉ። በጦርነቱ ዘመን ከ160 በላይ የአሜሪካ አይሮፕላኖች በስዊስ ምድር አርፈዋል ወይም ወድቀዋል፤ ሠራተኞቻቸውም እንደ ሕጉ በጥበቃ ሥር እንዲቈዩ ተደረገ።

በኤፕሪል 28 ቀን 1944 ደግሞ ምስጢራዊ ራዳር የያዘ የጀርመን የሌሊት ተዋጊ በዙሪክ አጠገብ በዱቤንዶርፍ አረፈ። ጀርመን ምስጢሩ በጠላቶቿ እጅ እንዳይገባ ስለ ፈራች ስምምነት ተደረገ፤ አይሮፕላኑ ተቃጠለ፥ ስዊስም በምትኩ 12 አዲስ ሜሰርሽሚቶች እንድትገዛ ተፈቀደላት።

እነዚህን ነገሮች ስንመዝን ሁለት ጕዳዮችን መለየት ይገባናል። የጄኔራል ጊዛን ትእዛዝ በ1923ቱ ረቂቅ መንፈስ ሊደገፍ ይችላል፤ ከአቅም በላይ የሆነ ግዴታ የለምና። አብራሪዎችን መልቀቅ ግን ሌላ ነው። አንድን እስረኛ በጥበቃ ለማቈየት ብዙ ኃይል አያስፈልግም፤ የጀርመኑ በ1940 ተለቅቆ የአሜሪካዊው በኋላ መያዙም ሚዛኑ እኩል እንዳልነበረ ያሳያል። ምክንያቱ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት ነበረው። ነገር ግን ምክንያት ማግኘትና ሕግ መፈጸም አንድ አይደሉም።

እንግዲህ የገለልተኛ አገር ሰማይ የሚጠበቀው በአይሮፕላን ብዛት ብቻ አይደለም። ትንሽ አገር ሁሉን ወራሪ ማገድ ባትችል አይፈረድባትም፤ የሚፈረድባት ኃይለኛውን በአንድ ሚዛን፥ ሌላውን በሌላ ሚዛን ስትመዝን ነው። ሰላም ሳለ የራሱን መከላከያ ያላዘጋጀ መንግሥት ደግሞ፥ ጦርነት ሲመጣ ሚዛኑን በእጁ ይዞ መቈየት ይቸግረዋል።