የአበርገሌ የዕጣን ዛፍና ንቦቹ



ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ቆላ ሲወረድ በአበርገሌ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ የዕጣን ዛፍ ይታያል። የሚያብበው ቅጠሉን ባራገፈበት በበጋ ስለሆነ፣ ሌላው አበባ ሲጠፋ ንቦች ከእርሱ ይቀስማሉ። የዋግን ማር የምናወድስ ሁሉ ይህን የምናስታውስ አይመስለኝም።

በቆሙት ዛፎች ብዛት አንታለል። ቡቃያው በክረምት ይበቅላል፤ ሆኖም ፍየል ይግጠዋል፣ እሳት ያቃጥለዋል፤ ወጣት ዛፍ ለመሆን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን ከተመረመሩት የዕጣን ደኖች ከ75 በመቶ በላይ የሚሆኑት ትናንሽ ዛፎች እንደሌሏቸው ገልጦ፣ ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተንብዮአል።

ማቁሰሉም የራሱ ድርሻ አለው። ሙጫው እንዲወጣ ቅርፊቱ በበጋው ሁሉ ደጋግሞ ይፋቃል፤ ዛፉም ለአበባና ለዘር የሚያውለውን ምግብ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ የኤርትራ ጥናት፣ ካልቆሰሉት ዛፎች ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ ከቆሰሉት የበቀለው ከ16 በመቶ በታች ነበር።

መፍትሔው ዛፉን ማሳረፍና ቦታውን ከከብት መከለል ነው፤ ይህን ማለት ለእኛ ቀላል ነው። ገበሬው ግን «ባረፈበት ዓመት ምን ልብላ?» ቢል ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ቀፎው ባረፈው ደን ውስጥ ቢቀመጥ እላለሁ፤ ያልቆሰለ ዛፍ አብዝቶ ያብባልና።