የዓመቱን ወጪ መርምሮ ዕቃ ስለ መግዛት

ለአገረ ገዥዎች፤ ለእርሻ ባለቤቶችና ለወረዳ ሹማምንት።

የመኪናና የትራክተር መለዋወጫ ፈልጎ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ ተክለ ሃይማኖት ሠፈርና በአቅራቢያው ወዳለው ሶማሌ ተራ ነው። በዚያ ሱቁ ብዙ ነው፤ የቸኮለ ገዥ ግን ዋጋ ለማነጻጸር ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ወደ ገበያ ከመሄድ አስቀድሞ ያለፈውን ዓመት ደረሰኝ ሰብስቦ መመርመር ይገባል።

ከየደረሰኙ የዕቃው ስም፤ ብዛቱ፤ የአንዱ ዋጋ፤ ሻጩና የተገዛበት ቀን በአንድ መዝገብ ይሰፍራል። አድካሚው ሥራ ስሙን አንድ ማድረግ ነው። አንዱ ጸሓፊ «ፊልትሮ» ያለውን ሌላው «ማጣሪያ» ብሎ ይጽፈዋልና፤ አንዱ ዕቃ ሁለት መስሎ ያልፋል፤ ድምሩም ሐሰት ይሆናል።

ቀጥሎ የየዕቃው ወጪ ተደምሮ ከትልቁ ወደ ትንሹ ይደረደራል። ገንዘቡን የሚበሉት አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ዕቃዎች ናቸው፤ ስለ እርሳስና ስለ ወረቀት መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ቀኑም ብዙ ይናገራል። ለምሳሌ አንድ ፊልትሮ በጥር በ800 ብር ይገኝ የነበረው፤ ትራክተሩ ከቆመ በኋላ በሰኔ በ1,100 ብር ቢገዛ፤ በ40 ፊልትሮ 12,000 ብር ይጎድላል። ያለፈው የዘር ጊዜ ከዚህ ሒሳብ አልገባም። ሆኖም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፤ ከዚያ በፊትና በኋላ የተገዛውን ለይቶ ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የብሩ መውረድ በገዥው ላይ ይቈጠርበታል።

መዝገቡ የበጀት ዓመቱ ከሚጀምርበት ከሐምሌ 1 ቀን በፊት ተጠናቆ የግዥ ዕቅድ ለሚያዘጋጀው ሹም ይሰጥ።