አፍልተን የምንጠጣው ውሃ ሁሉ ንጹህ ነው? ትንሿ ዓሣ ምን ትነግረናለች?



ሰሞኑን አንዲት እናት የ9 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። «ዶክተር፣ በቀን ሁለቴ ይቦርሻል፣ ጥርሱ ግን ቡናማ ሆኖ ቀረ። ጓደኞቹ ስለሚያሾፉበት አፉን ሸፍኖ ነው የሚስቀው» አለችኝ። ቀጠለችና «ውሃውን እኮ ሁሌም አፍልቼ ነው የማጠጣው!» አለች። ይህን ጽሑፍ ያጻፈችኝ ይቺ የመጨረሻዋ ንግግሯ ናት።

እስቲ ከአንዲት ዓሣ እንጀምር። ዜብራፊሽ ትባላለች። ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ብትሆን ነው፤ እንደ ሜዳ አህያ ሸንተረር አላት። አገሯ ሕንድና አካባቢው ነው፣ አዋሽ ውስጥ አትገኝም። ግን በዓለም ዙሪያ ተመራማሪዎች ውሃ ውስጥ ያለ ኬሚካል ምን እንደሚያደርግ የሚያጠኑት በእሷ ነው። ለምን?

አንደኛ፣ ከሰው ዘረ መሎች 70 በመቶ ያህሉ እሷም ጋ ተመሳሳይ አላቸው። ሁለተኛ፣ ፅንሷ እንደ መስታወት ያሳያል። እንቁላሉ በዳበረ በአንድ ቀን ውስጥ ልቧ ሲመታ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ስለዚህ ኬሚካል ሲጨመር ልቧ ቢዘገይ፣ አከርካሪዋ ቢጣመም ወይም ሳትፈለፈል ብትቀር ወዲያው ይታወቃል።

ምን ታየ? ለምሳሌ አንዳንድ የፀረ ተባይ መድኃኒቶች ነፍሳትን የሚገድሉት የነርቭን መልእክት የሚያስቆም ኢንዛይም በማገድ ነው። ያው ኢንዛይም ዓሣዋም ጋ፣ እኛም ጋ አለ! እንደ መዳብ ያሉ ብረቶች ደግሞ የውሃ እንቅስቃሴ የምታዳምጥባቸውን ሕዋሳት ይገድላሉ፤ እነዚህ ሕዋሳት ከውስጠኛው ጆሯችን ሕዋሳት ጋር ይመሳሰላሉ። ፍሎራይድ በብዛት ሲሰጣት ደግሞ እድገቷ ይቀንሳል። ዓሣ ላይ የታየ ሁሉ ሰው ላይ ይደርሳል ማለት አይደለም፣ መጠኑ ይወስናል። ማስጠንቀቂያ ግን ነው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ብዙ ነገር ይሸከማል፦ በአቃቂ ወንዝ በኩል የአዲስ አበባን የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ፣ ከዚያ የሸንኮራና የጥጥ እርሻዎችን ኬሚካል። መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ሐይቅ ደግሞ ጨውና ፍሎራይድ የበዛበት ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ዛሬ ከ40 አልፏል፤ ውሃውም በቦይ ወደ አዋሽ ይገባል።

ፍሎራይድ ፋብሪካ ብቻ የሚያመጣው እንዳይመስላችሁ። በስምጥ ሸለቆ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ራሱ ይወጣል፣ ስለዚህ ጥርት ያለ የጉድጓድ ውሃ ውስጥም ሊኖር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ የሕፃናት ጥርስ ይበልዛል፤ ለብዙ ዓመት በብዛት ከተጠጣ ወገብ፣ አንገትና ጉልበት ይደርቃል። በሰመራ ሙቀት ደግሞ ብዙ ውሃ ስለምንጠጣ የሚገባብንም ያን ያህል ይበዛል።

ማፍላትስ? ማፍላትም ሆነ ውሃ አጋር ጀርም ይገድላሉ፤ አተትና ተቅማጥን ስለሚከላከሉ አታቁሙ። ፍሎራይድን ግን አያወጡም። እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. የምትጠጡት ውሃ ፍሎራይዱ ተለክቶ እንደሆነ የአካባቢያችሁን ውሃ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። በዓይንም በምላስም አይለይም።

2. የተሻለው ውሃ ጥቂት ከሆነ ቅድሚያ ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ይሁን፤ ቋሚ ጥርሳቸው የሚሠራው ያኔ ነው። በንጽሕና የተያዘ የዝናብ ውሃ ፍሎራይዱ ትንሽ ነው። ለፍሎራይድ የሚሠራ ማጣሪያም አለ፤ ለምሳሌ የአጥንት ከሰል።

3. ለልጆች ሻይ አታብዙ፣ ሻይ ቅጠል ራሱ ፍሎራይድ አለው። የተፈላ የፍየልም የግመልም ወተት ስጧቸው፤ ካልሲየም ፍሎራይድ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሳል።

4. ፀረ ተባይ የነበረበት ጄሪካን ቢታጠብም ለውሃ፣ ለዘይትም ሆነ ለወተት አይሆንም። በስታችሁ ጣሉት።

5. ኬሚካል የነካው ሰው ምራቅና ላብ ከበዛበት፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ፣ ካስመለሰው፣ ትንፋሽ ካጠረው ልብሱን አውልቃችሁ (ጓንት ወይም ፌስታል አድርጋችሁ) በሳሙና እጠቡት፣ በፍጥነት ሆስፒታል ውሰዱት። እንዲያስመልሰው አታስገድዱ። ዕቃውን ይዛችሁ ኑ።

ለዚያች እናት የነገርኳት ይህንኑ ነው። የልጁ ጥርስ የበለዘው በእሷ ቸልተኝነት አይደለም፤ ቢቦረሽም አይለቅም፣ የጥርስ ሐኪም ግን መልኩን ሊያሻሽለው ይችላል። ስትወጣ «ታናሽ እህቱ ገና 2 ዓመቷ ነው» አለችኝ። ለእሷ ገና ጊዜ አለን።

ለአዋሽ፣ ለሰመራ፣ ለዱብቲና ለአሳይታ ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።