ያውቁ ኖሯል? ሲያዩት መልሶ የሚያይ ማሽን

ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በሰኔ 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባችው አካሏ ሳይሟላ ነበር። የተወሰኑ ክፍሎቿን የያዘው ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በመጥፋቱ ጋዜጣዊ መግለጫዋ ተሰረዘ። እንደ ማንኛውም መንገደኛ!

አዲስ አበባ ግን ለሶፊያ ባዕድ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2013 የተመሠረተው የአዲስ አበባው ኩባንያ አይኮግ ላብስ ከሆንግ ኮንጉ ሃንሰን ሮቦቲክስ ጋር በሶፍትዌሯ ሥራ ተሳትፏል። ዓይኗ ውስጥ ያሉት ካሜራዎች የሰውን ፊት ይከተላሉ፤ ፊቷም ይስቃል፣ ይኮሳተራል። እሷ ራሷ ደስታም ንዴትም አይሰማትም፤ ስሜቱ የሚፈጠረው ተመልካቹ ላይ ነው። የንድፍ አውጪዎቹ ሙያ ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ተመልካች ላይ ስሜት ለመፍጠር የሰው መልክ የግድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2009 ስቶክሆልም በሚገኘው የኦደንፕላን ባቡር ጣቢያ የደረጃው እርከኖች ሲረገጡ የሚያዜሙ የፒያኖ ቁልፎች ሆኑ። አዘጋጆቹ እንዳሉት፣ ከተንቀሳቃሹ ደረጃ ይልቅ በእግሩ መውጣትን የመረጠው ሰው ከወትሮው በ66 በመቶ በለጠ። (ሥራው የፎልክስቫገን ማስታወቂያ ስለነበር ቁጥሩን በጥንቃቄ መውሰድ ይበጃል።)

እንዲህ ያለ ሥራ ወለጋ ውስጥስ? ነቀምቴ አጠገብ፣ ቦናያ ላይ፣ የጥቁር አንበሳ አርበኞች በሰኔ 1928 ዓ.ም. አንድ ሌሊት የጣሊያን አውሮፕላኖችን አቃጥለዋል። በከተማዋ ሙዚየም ጎብኚ ሲጠጋ ያን ሌሊት በድምፅ የሚተርክ ማዕዘን ለመሥራት እንቅስቃሴ የሚለይ ሴንሰርና ድምፅ ማጉያ ይበቃል። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ከቸገራችሁ ይኸውላችሁ።